ወገቡ ላይ የቀረ ቅርፊት

ፈረሶቹ ዳገቱ ላይ እምቢ ሲሉ አለቃ የሰረገላውን በር በከዘራቸው ገፍተው «ውረዱ፣ በእግር ነው፤ ብርሃኑ አይጠብቀንም» አሉ። እኔ ሚዛኑን ከነመስታወት ሳጥኑ እንደ ጨቅላ ታቅፌ ወረድኩ። ሎሚ በአንድ እጇ ቀሚሷን ሰብስባ፣ በሌላው የአለቃን ክንድ ይዛ ተከተለችኝ። ከሁላችን ኋላ የግምጃ ቤቱ ሹም፣ ሁለት ጥቁር ሳጥኖች ደረታቸው ላይ በሰንሰለት አስረው፣ ቀይ ካባቸውን ከጭቃው ከፍ አድርገው ይመጣሉ። በየጥቂቱ ቆም እያሉ «አልማዝ ለማየት ደግሞ ተራራ መውጣት ምን ይሉታል?» ይላሉ። 

የአልማዝ ደረጃ የሚወጣበትን የመለያ ቤት ኮረብታ ላይ የሠሩት ሰዎች ሞኞች አልነበሩም። የአልማዝ ቀለም የሚታየው በሰሜን መስኮት፣ ከረፋድ እስከ ቀትር ባለው ብርሃን ነው። ፀሐይ በቀጥታ ያገኘው እንደሆነ ያብለጨልጭና ዓይን ያታልላል፤ በመብራት ያዩት እንደሆነ ደግሞ እንደ ሠርግ ቤት ሴቶች ሁሉም ቆንጆ ነው። ከተማ መሀል ከሆነ የጎረቤት ግድግዳ ቀለሙን ያጋባበታል። እዚህ ከመስኮቱ ማዶ ያለው ሰማይ ብቻ ነው። የዚያን ቀን ሰማዩም ቢሆን አላማረበትም፤ በምዕራብ በኩል ደመና እየተሰበሰበ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ንግሥቲቱ ዘውድ ሊጭኑ ነው። ለዘውዱ የተመረጠው ጥሬ አልማዝ ሲሰነጠቅ እኩል ለሁለት ተከፈለ፤ ግምጃ ቤቱም አንዱን ለአባቴ፣ አንዱን ለወንድሜ ሰጠ። ሲጠረቡ ደረጃቸው ተለይቶ የበለጠው ከዘውዱ ፊት፣ ያነሰው ከኋላ ይገባል። የትኛው የማን እንደሆነ ከሹሙ በቀር ማንም እንዳያውቅ ታዘዘ። አባባ ይሄ የመጨረሻ ድንጋዬ ነው ብለዋል። ዕድሜ ልካቸውን የጠረቡት ሁሉ የማያውቋቸው ሰዎች ጣትና ጆሮ ላይ ቀርቷል፤ አንዱን እንኳ አገር በሚያየው ቦታ አስቀምጠው ማረፍ ፈለጉ። አልሸሸጉትም። ጠዋት ስወጣ «ከፊት ከሆነ ሮጠሽ ንገሪኝ፤ ከኋላ ከሆነ ቀስ ብለሽ ነይ፣ ምሳዬን ልብላበት» ብለውኛል።

ሎሚ የወንድሜ ሚስት ናት። ስሙን ያወጡላት አለቃ ናቸው፤ ሰው ሁሉ ነጭ ነው ያለውን ድንጋይ «ትንሽ ሎሚ ይላል» እያለች ስላስቸገረቻቸው። በከተማችን የለዪ ዓይን ያላቸው አለቃና እሷ ብቻ ሲሆኑ፣ የቤተ መንግሥቱ ትእዛዝ ደግሞ ሁለት ዓይን ይላል። የለዪዎች ሕግ አጭር ነው፤ ድንጋዩ የየትኛው ጠራቢ እጅ እንደሆነ ያወቀ ከመለየቱ ይነሳ። ሎሚ ከተነሳች ሹሙ ሳጥኖቻቸውን ይዘው ወደ ሌላ ከተማ ይሄዳሉ፤ የአባባም የወንድሜም ልፋት በማናውቀው ሰው እጅ ይወድቃል። እኔ መዛኝ ነኝ። መዛኝ ክብደት ትናገርና ከዚያ ወዲያ አፏን ትዘጋለች። ለዚህ ሥራ እኔን የመረጠኝ ማን እንደሆነ እንጃ፤ አፍ መዝጋት የእኔ ነገር እንዳልሆነ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

የመለያው ክፍል ከጣሪያ እስከ ወለል ግራጫ ነው። በሩ ጋ የተሰቀለው የምንደርበው ልብስም ግራጫ ነው። አለቃ ሹሙን ከላይ እስከ ታች አይተው «ጌታዬ፣ ቀዩን ያውልቁልን» አሏቸው።

«ይሄ የማዕረግ ልብሴ ነው።»

«እኔ ማዕረግዎን አከብራለሁ። ድንጋዩ ነው የማያከብረው፤ ቀይ አጠገቡ ከቆመ ቀይ ቀይ ይላል።»

ሹሙ አወለቁ። ከካባው ስር ያለው ሸሚዝ ክርኑ ላይ የተጣፈ ነበር። የሰጠናቸው ግራጫ ልብስ ጉልበታቸው ላይ ቀረና ጸጉር አስተካካይ መሰሉ። እኔና ሎሚ ተያይተን በፍጥነት ሌላ ሌላ ቦታ ማየት ጀመርን።

ሳጥኖቹን ጀርባቸውን ሰጥተውን አቀያየሯቸውና አንደኛውን ከፈቱልኝ። ወረቀቱን ስገልጠው ድንጋዩን አወቅኩት። የአባባ ነው። ከሳቸው ጋር የምኖረው እኔ ነኝ፤ ያንን ድንጋይ ከጥሬው ጀምሮ ማታ ማታ ሲያጥቡት አይቼዋለሁ። በወረንጦ አንስቼ ሚዛኑ ላይ አኖርኩና ክብደቱን ተናገርኩ። ሁለተኛውን ሲያወጡልኝ ከመጀመሪያው ቀለል ያለ ሆነ፤ እሱንም ተናግሬ አፌን ዘጋሁ። መዛኝ እጅ አወቀች አላወቀች ሕጉ አይጠይቃትም፤ ሚዛን አያዳላም ብለው ይሆናል።

ለዪዎቹ በቀለም ይጀምራሉ። የታጠፈ ነጭ ወረቀት መሀል፣ በእጥፋቱ መስመር ላይ፣ ትናንሽ አልማዞች ተደርድረዋል፤ እህትማማቾቹ እንላቸዋለን። ትልቋ እህት ውሃ ናት፣ ምንም ቀለም የላትም። ቀጥላ ጤዛ አለች፤ ከዚያ ገለባ፣ ገለባን አልፎ እየበረታ የሚሄድ ቢጫ። የሚለየውን ድንጋይ በፊቱ ደፍተህ ታስተኛዋለህ፣ ፊቱን ካየህ ብልጭታው ቀለሙን አያሳይህም። ትንፋሽህን እፍ ትልበታለህ፤ ጉሙ እስኪለቀው ድረስ ባለችው ቅጽበት ቀለሙ እርቃኑን ይታያል። ከዚያ ወደ አንዷ እህት ታስጠጋዋለህ፣ ካልመሰላት ወደ ሌላዋ። አንዱ ለዪ ሲያይ ሌላው ፊቱን ያዞራል፤ ያመነበት እህት ስር ጠጠር ያኖርና በጽዋ ይከድናል።

ሎሚ የመጀመሪያውን ድንጋይ አስተኝታ፣ ከቀለሙ በፊት በአጉሊ መነጽር ወገቡን፣ ላይኛውና ታችኛው ፊት የሚገናኙበትን ጠርዝ፣ አየች። ያን ጊዜ ፊቷ ተለወጠ። ያየችው ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ጥሬ አልማዝ ሸካራ ቅርፊት አለው። በእኛ ከተማ አንዳንድ ጠራቢ ድንጋዩን እስከ ዳር ይሠራውና ወገቡ ላይ ካለችው ጠርዝ የቅርፊቱን ቅንጣት ይተዋል፤ «ይኸው፣ አንዲት ብናኝ እንኳ አላባከንኩም» ለማለት ነው። ጉራ ነው እንግዲህ። አባባ በወጣትነታቸው ጀመሩት፣ ከዚያ የልጅ ነገር ነው ብለው ተዉት፤ ወንድሜ አንስቶት የእሱ ምልክት ሆነ። አባባ በዚህ ድንጋይ ላይ ሲተዉት አይቼ፣ ሽማግሌው ልጅነቱ ተነሳበት ብዬ ስቄ ነበር።

ሎሚ ግን ይሄን አታውቅም። ከቅርፊቱ ባሏን አወቀች፤ አወቅሁ ብላ አመነች። ከንፈሯን ነክሳ መስኮቱን አየች፣ ከዚያ የሹሙን ሳጥኖች አየች። መነሳት ነበረባት፤ አልተነሳችም። እዚያው ፊት ለፊቷ ተቀምጬ «ኧረ የሱ አይደለም» የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ሲነድ ዋጥኩት። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን የዋጥኩት ነገር የለም።

ሁለቱም ድንጋዮች ታዩ። አለቃ ጽዋዎቹን ሲያነሱ የእሳቸው ጠጠሮች ሁለቱም ትልቋ እህት ስር ነበሩ። የሎሚ ጠጠር ለሁለተኛው ድንጋይ ውሃ፣ ለመጀመሪያው ጤዛ ብሎ ተቀምጧል። በውስጥ ንጽሕና ተስማሙ፤ ነቁጥም፣ ላባ የምንለው ስንጥቅም የለም። ወደ አጠራረቡ ሲመጡ አለቃ ወገብ ላይ ያለው ቅርፊት የባለሙያ ምልክት ነው አሉ። ሎሚ አንገቷን ደፍታ «ነውር ነው» አለች። «ከጠርዙ ወርዷል። ጠራቢው አልጨረሰውም።»

ሹሙ «እንግዲህ አልተስማማችሁም» ብለው ወደ ሳጥኖቻቸው እጃቸውን ዘረጉ።

አለቃ «ዓይን እናሳርፍ፣ ደግመን እናያለን» አሉና ፊታቸውን ወደ ግራጫው ግድግዳ መለሱ። ሕጉ ይፈቅዳል። ሎሚም ወደ ግድግዳው ዞረች። ደመናው ግማሹን ሰማይ ይዟል። እኔ ሚዛኑን ምንም ሳይቆሽሽ እወለውላለሁ። አለቃ ለሎሚ ከተሸነፉ የአባባ ድንጋይ ከኋላ ሊገባ ነው፤ ከኋላ የሚያስገባው ደግሞ ድንጋዩ ሳይሆን የምራታቸው ፍርሃት ነው። ተናግሬ ብባረር ነገሩ ሁሉ ይፈርሳል፤ ዝም ብል አባባ ጋ በምን ዓይኔ እገባለሁ?

ሎሚ ከግድግዳው ዞር ሳትል ቀስ ብላ «አለቃ» አለች። «እነዚህ ሁለቱ ከአንድ ጥሬ የወጡ አይደሉም?»

«ናቸው እንጂ።»

«ታዲያ አንዱ ውሃ አንዱ ጤዛ እንዴት ይሆናል?»

 ሎሚ ዞረች፤ ዓይኖቿ እንባ አቅርረዋል። ለሹሙ ነበር የተናገረችው። «ጌታዬ፣ የመጀመሪያውን ሳየው የባሌ መሰለኝ። መነሳት ነበረብኝ፤ ከተነሳሁ ሥራው ይፈርሳል ብዬ ተቀመጥኩ። እንዳላዳላለት ፈርቼ ጨከንኩበት። ያላየሁትን ቢጫ አየሁ። አሁን ልነሳ።»

ሹሙ ትንሽ አዩዋትና ሳቃቸው አመለጣቸው። አንዴ ከጀመራቸው ደግሞ የሚቆም አልሆነም፤ አጭሩ ግራጫ ልብስ ሆዳቸው ላይ ይንቀጠቀጣል። «አንቺ ሴት፣ ቀጥቅጠሽ የጣልሽው ባልሽን መስሎሽ ነው? የአማትሽ እኮ ነው!» ብለው አፋቸውን በእጃቸው ያዙ፤ ምስጢሩ ግን ወጥቶ አልቋል።

ሎሚ እኔን አየችኝ። ፊቴ ምን ይል እንደነበር አላውቅም፤ እሷ ግን «አንቺ ታውቂ ነበር» አለች።

«መዛኝ ነኝ» አልኳት። ከዚያ የተሻለ አልመጣልኝም።

ሹሙ ሳቃቸውን ጨርሰው ደንገጥ አሉ። «አሁን እጃቸውን አወቀች፤ ልትነሳ ነው ማለት ነው።»

አለቃ በከዘራቸው ወለሉን ቆረቆሩ። «ለምን ትነሳለች? ሕጉ የወጣው ለዘመድ እንዳይዳላ ነው። አንዱ ባሏ ነው፣ አንዱ የባሏ አባት ነው። እስቲ ይንገሩኝ ጌታዬ፣ ለማን ታዳላ?» ሹሙ አሰቡት፤ ከዚያ ሰማዩን አዩ፤ ከዚያ ምሳቸውንም ያሰቡ መሰለኝ። «ቶሎ በሉ» አሉ።

ሎሚ ደግማ አየች። እፍ አለችበት፣ አስጠጋች፣ ደግማ እፍ አለች። በዚህኛው ጊዜ ጠጠሯን ሳታመነታ ትልቋ እህት ስር አኖረች። ወደ ቅርፊቱ ሲመጡ አለቃ «የባለሙያ ምልክት» አሉ፤ እሷም እንደ ተማሪ «የባለሙያ ምልክት» አለች። ቀለሙ እኩል፣ ንጽሕናው እኩል፣ አጠራረቡ እኩል ሆነ። የቀረው ክብደት ብቻ ነበር። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ፤ እኔም በሕግ የተፈቀደልኝን አንዲት ነገር ከፍ ባለ ድምፅ ተናገርኩ። የአባባ ድንጋይ ይከብዳል፤ ከፊት ይገባል።

እስከ ታች ሮጥን። ሎሚ ከእኔ ቀድማ ደረሰች። አባባና ወንድሜ አባባ ድንጋይ በሚጠርቡበት ክፍል ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ የሚዞረው የብረት ሰሌዳ ላይ ምንም ሳይኖር ሥራ የያዙ መስለው ነበር። ስነግራቸው አባባ ዘይት የነካ ጨርቅ አንስተው እጃቸውን ለረጅም ጊዜ ጠረጉ። ወንድሜ ተነስቶ ጭንቅላታቸውን ሳማቸው፤ ቀናባቸው የሚል ሰው ካለ አላየውም ማለት ነው። ከዚያ ሎሚ የሠራችውን ሁሉ፣ ምንም ሳታስቀር፣ ነገረቻቸው።

ወንድሜ አፉን ከፍቶ ቀረ። «የኔ መስሎሽ?»

«ቅርፊት አየኋ።»

«እኔ ቅርፊቱን ያጠፋሁት ላንቺ ስል አይደለም እንዴ? ምልክቴን አይተሽ እንዳትነሺ ብዬ፣ እንደዛ የምወደውን ነገር ሞርጄ ጣልኩት። በሱ ነው እኮ ክብደት ያነሰኝ።»

ሎሚ ሳቀች፣ ከዚያ አለቀሰች፣ ከዚያ ሁለቱንም አንድ ላይ አደረገችው። እኔም አላስቻለኝም። ባልና ሚስት አንዱ ለአንዱ እየተጠነቀቀ እንዲህ ሲጠፋፋ ካየሁ ቆይቻለሁ።

አባባ ግን አልሳቁም። «ነይ እስቲ» አሏት። ጎናቸው አስቀመጧት። «መጀመሪያ ቅርፊቱን ምን አልሽው?»

«አባባ፣ ይተዉኝ እንጂ።»

«ምን አልሽው ነው የምልሽ።»

«ነውር አልኩት» አለች መሬቱን እያየች። «ከጠርዙ ወርዷል፣ አልጨረሰውም አልኩ። የፈረደው ፍርሃቴ ነው፣ ዓይኔ አይደለም።»

«ቀለሙን የፈረደው ፍርሃትሽ ነው። ይሄን ያየው ግን ዓይንሽ ነው።» አባባ ቀኝ እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ። ጣቶቹ በቀስታ ይንቀጠቀጣሉ። ከእኔ የደበቁት እንዴት እንደሆነ እስከ ዛሬ ይገርመኛል፤ ሻያቸውን በግራቸው መጠጣት ከጀመሩ ቆይተዋል፣ እኔ ግን ምን ብዬ ነው ያለፍኩት? «ልጨርሰው ፈልጌ ነበር። ሰሌዳው ላይ ሳስጠጋው እጄ እምቢ አለኝ። አንድ ጊዜ ሞከርኩ፣ ሁለት ጊዜ ሞከርኩ፤ ከዚያ ድንጋዩን ሳላበላሸው ላቁም ብዬ ተውኩት። ጉራም አይደለም፣ ሙያም አይደለም። አለቃ ልቡ ደግ ስለሆነ ጥሩ ጥሩውን አሰበልኝ።»

 ወንድሜ የአባባን እጅ ያዘ፤ አባባም ትንሽ አስያዙትና ቀስ ብለው ወሰዱት። ተነስተው ኮታቸውን ከምስማሩ አወረዱ።

«የት ሊሄዱ ነው?» አልኳቸው።

«ሹሙ ሳይሄድ ልድረስበት።»

«አባባ፣ ተፈርዷል እኮ። ሁለት ዓይን አይቶታል።»

«ያላለቀ ድንጋይ ንግሥት ግንባር ላይ አላስቀምጥም። የልጄ አልቋል፤ የኔ አላለቀም» አሉ። ወንድሜ በሩ ላይ ቆሞ ሊያስቀራቸው ሞከረ፣ ለመነ፣ ተቆጣ። አባባ ኮታቸውን እየቆለፉ ጠበቁት፤ ሲደክመው አለፉ። ሦስታችንም ተከተልናቸው።

ሹሙን እንግዳ ማረፊያው ውስጥ ቦቲያቸውን አውልቀው፣ ምሳ ቀርቦላቸው አገኘናቸው። ሳጥኖቹ አልጋው ላይ ናቸው፤ የታሸጉበት ሰም ገና አልደረቀም። አባባ ኮፍያቸውን አውልቀው የሆነውን ተናገሩ፣ እጃቸውንም አሳዩ። ሹሙ ማንኪያቸውን አስቀምጠው አንድ በአንድ አዩን። ጠዋት ሚስት ባሏን ጎዳሁ ብላ ስታለቅስ አይተዋል፤ አሁን አባት ልጄ ይቅደም ይላል፤ ልጁ ከኋላ ሆኖ አይሆንም ይላል።

«እናንተ ቤት ውስጥ» አሉ በመጨረሻ፣ «ለራሱ የሚያዳላ አንድ ሰው እንኳ የለም?»

«እሷ ትኖር ይሆናል» አሉ አባባ ወደ እኔ እያሳዩ። «እሷ ግን መናገር አይፈቀድላትም።»

ሹሙ ሰሙን በቢላ ላጡት። «ፊት» እና «ኋላ» የተጻፈባቸውን የሳጥኖቹን ክዳኖች አቀያየሩና ደግመው አሸጉ። አባባ ሲወጡ ካልሲ ብቻ ባጠለቀ እግራቸው ብድግ ብለው ቆሙላቸው። የግምጃ ቤት ሹም ለድንጋይ ጠራቢ ሲቆም ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም አላየሁም።

ወደ ቤት ስንመለስ ደመናው ሳይዘንብ አልፎ ነበር። ወንድሜ አኩርፎ ከፊት ከፊት ይሄዳል፤ ኩርፊያው ግን የደስታና የሐዘን ድብልቅ ስለነበር አካሄዱ አላማረለትም። አባባ የሎሚን ክንድ ይዘው በቀስታ ይራመዳሉ። አዝነው እንደሆነ ለማየት ፊታቸውን ሰረቅ አድርጌ አየሁ። አላዘኑም። ከባድ ነገር ተሸክሞ ቆይቶ እንዳወረደ ሰው ትከሻቸው ተፍታቷል።

መንገዱ አጋማሽ ላይ ቆም አሉ። «አንድ ነገር ቀረ» አሏት። «ጤዛ ብለሽው ነበር አይደል?»

«በስህተት ነው አባባ። አነሳሁት እኮ።»

«በደንብ አይተሽዋል?»

«ሁለት ጊዜ እፍ ብዬ። ውሃ ነው፤ ምንም የለበትም።»

አባባ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ መንቀሳቀስ ግን አልጀመሩም። ገና እርግጠኛ ያልሆኑ ይመስል ክንዷን ያዝ አድርገው «ተይ እንግዲህ፣ ጤዛ የሚል ስም አይውጣለት» አሏት። «አለመጨረሱ የኔ ነው፤ ድንጋዩ ምን አደረገ?»